ጋላክሲዎች ከብርሃን ፈጥነው ሲርቁ የፍጥነት ሕጉ ለምን አይጣስም?

የጽንፈ ዓለም ዕድሜ 13.8 ቢሊዮን ዓመት ያህል መሆኑንና ከብርሃን የሚፈጥን ነገር አለመኖሩን ብዙ ሰው ሰምቷል። እነዚህን ሁለት እውነታዎች አገናኝቶ ያሰበ ሰው፣ በቴሌስኮፕ ሊታይ የሚችለው የመጨረሻው ርቀት 13.8 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት (አንድ የብርሃን ዓመት ብርሃን በአንድ ዓመት የሚጓዘው ርቀት ነው) መሆን አለበት ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም። የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎች ግን የሚታየው ጽንፈ ዓለም ጠርዝ ዛሬ ከእኛ 46 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል ይላሉ። በዚህም አያበቁም፤ ከ14 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ወዲያ ያሉ ጋላክሲዎች ሁሉ በአሁኑ ሰዓት ከብርሃን በሚበልጥ ፍጥነት እየራቁን መሆኑን፣ ከእነርሱም ብዙዎቹን በቴሌስኮፕ እንደምናያቸው ይነግሩናል። ይህን የሰማ ሰው ወይ የአይንስታይን ሕግ ፈርሷል፣ ወይ ስሌቱ ተሳስቷል ብሎ መጠርጠሩ አይቀርም። የፈረሰም የተሳሳተም የለም። የሚያደናግረን «ፍጥነት» የሚለው አንድ ቃል ሁለት የተለያዩ ጉዳዮችን እንዲሸከም መደረጉ ነው።

በመጀመሪያ ሕጉ ራሱ ምን እንደሚከለክል በትክክል ማወቅ ያስፈልጋል። ብርሃን በባዶ ህዋ ውስጥ በሰከንድ 299,792,458 ሜትር ይጓዛል። ቁጥሩ ያለ ምንም ክፍልፋይ እንዲህ ተስተካክሎ መቀመጡ ሊያስገርም ይችላል፤ ምክንያቱ ግን እ.ኤ.አ. ከ1983 ወዲህ ሜትር ራሱ የሚለካው በብርሃን መሆኑ፣ ማለትም አንድ ሰከንድ ለ299,792,458 ሲካፈል በምትገኘው ቅንጣት ውስጥ ብርሃን የሚሄደው ርቀት አንድ ሜትር ተብሎ መደንገጉ ነው። አልበርት አይንስታይን እ.ኤ.አ. በ1905 ያቀረበው ልዩ የአንጻራዊነት ንድፈ ሐሳብ እንደሚለው፣ ግዝፈት ያለው ማንኛውም አካል ወደ ብርሃን ፍጥነት በቀረበ ቁጥር ጥቂት ለመጨመር የሚያስፈልገው ኃይል እየናረ ይሄዳል፤ ፍጥነቱን ለመድረስም ማለቂያ የሌለው ኃይል ይጠይቃል። በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ ድንበር ከመሬት በታች በተዘረጋው፣ 27 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ባለው የሰርን ቅንጣት ማፋጠኛ ውስጥ የሚሽከረከሩ ፕሮቶኖች ከብርሃን የሚያንሱት በሰከንድ 3 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ይህ ሰው ዘና ብሎ ሲሮጥ ከሚኖረው ፍጥነት አይበልጥም፤ ነገር ግን የቱንም ያህል ኃይል ቢጨመር ያቺ ቀሪ ልዩነት ትጠብባለች እንጂ አትዘጋም።

በዚህ ሕግ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ሳይነገር የሚታለፍ አንድ ቅድመ ሁኔታ አለ። ፕሮቶኑና ብርሃኑ የሚነጻጸሩት በአንድ ሥፍራ፣ ጎን ለጎን እያለፉ ነው። ሕጉ የሚለው ማንም አካል በአጠገቡ የሚያልፈውን ብርሃን ሊቀድም አይችልም ነው። ከዚህ በቢሊዮን የሚቆጠር የብርሃን ዓመት ርቆ ስለሚገኝ ጋላክሲና እዚህ ስላለን ስለ እኛ፣ በመካከላችን ያለው ርቀት በምን ያህል መጠን ማደግ እንዳለበት ግን አንዳች አይናገርም። የጽሑፉ ፍሬ ነገር ይኸው ነው፤ ቀሪው ይህ ቅድመ ሁኔታ ለምን እውነት እንደሆነና ከእርሱ ምን እንደሚከተል ማሳየት ነው።

ርቀቶች እያደጉ መሆናቸው የታወቀው በአንድ ሌሊት አይደለም። አሜሪካዊው ቬስቶ ስላይፈር እ.ኤ.አ. ከ1912 ጀምሮ ጥምዝ ቅርጽ ያላቸውን የሰማይ አካላት ብርሃን ሲተነትን፣ የአብዛኞቹ ብርሃን ወደ ቀይ ያዘነበለ፣ ማለትም የሞገዱ ርዝመት የተዘረጋ ሆኖ አገኘው። ሩሲያዊው የሒሳብ ሊቅ አሌክሳንደር ፍሪድማን እ.ኤ.አ. በ1922፣ ቤልጂየማዊው ቄስና የፊዚክስ ሊቅ ዦርዥ ለሜትር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1927፣ የአይንስታይን አጠቃላይ የአንጻራዊነት ንድፈ ሐሳብ የሚሰፋ ጽንፈ ዓለምን እንደሚፈቅድ በስሌት አሳዩ። ኤድዊን ሀብል እ.ኤ.አ. በ1929 ጋላክሲዎች በራቁ መጠን የመራቅ ፍጥነታቸው እንደሚጨምር የሚያሳየውን ልኬት ይዞ ቀረበ። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2018 ግንኙነቱ የሀብልና የለሜትር ሕግ ተብሎ እንዲጠራ በድምፅ ብልጫ ሐሳብ አቅርቧል፤ ቢዘገይም ተገቢ እርምት ይመስለኛል።

ይህ ሕግ የያዘው የማደግ መጠን በዛሬው ልኬት በአንድ ሜጋፓርሴክ በሰከንድ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ሜጋፓርሴክ 3.26 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ነው። ከጥንታዊው የጽንፈ ዓለም ጨረር (ኋላ እንመለስበታለን) የተሰላው ውጤት ወደ 67፣ ከሱፐርኖቫዎች፣ ማለትም ፈንድተው ከሚያበሩ ከዋክብት፣ የተሰላው ደግሞ ወደ 73 ያዘነብላል፤ ልዩነቱ እስካሁን ያልተፈታ ክርክር ቢሆንም ለያዝነው ጉዳይ የሚያመጣው ለውጥ የለም። ልብ ሊባል የሚገባው ሌላ ነገር ነው። «በሰከንድ 70 ኪሎ ሜትር» የሚለው ሐረግ ፍጥነት ቢመስልም፣ «በአንድ ሜጋፓርሴክ» የሚለው ተቀጽላ ትርጉሙን ይለውጠዋል። ኪሎ ሜትርም ሜጋፓርሴክም የርቀት መለኪያዎች ስለሆኑ አንዱ ሌላውን ያጣፋዋል፤ የሚቀረውም በጊዜ የሚገለጽ የዕድገት መጠን ነው። በቀላል አነጋገር፣ አሁን ባለው መጠን የሩቅ ጋላክሲዎች ርቀት በየአንድ ቢሊዮን ዓመቱ 7 በመቶ ገደማ ያድጋል ማለት ነው። ስለዚህ «ጽንፈ ዓለም በምን ያህል ፍጥነት ይሰፋል?» ለሚለው ጥያቄ በኪሎ ሜትር በሰዓት የሚሰጥ መልስ የለም፤ «ከብርሃን ይፈጥናል ወይስ አይፈጥንም?» የሚለውም አንድን መቶኛ ከአንድ ፍጥነት ጋር ለማነጻጸር እንደ መሞከር ይቆጠራል።

አንድ የዕድገት መጠን ወደ ፍጥነት የሚለወጠው ርቀት ሲመረጥለት ብቻ ነው። አጭር ርቀት ከመረጥን ትንሽ፣ ረጅም ርቀት ከመረጥን ትልቅ ፍጥነት እናገኛለን፤ ርቀቱን በበቂ መጠን ካስረዘምነው ደግሞ ውጤቱ የግድ ከብርሃን ፍጥነት ይበልጣል። ወሰኑ 14 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ሲሆን፣ በባለሙያዎች ዘንድ የሀብል ርቀት ይባላል። በዚያ ወሰን ላይ አጥርም ሆነ የተለየ ክስተት የለም። እዚያ ያለ ጋላክሲ በሠፈሩ ካሉት ጎረቤቶቹ አንጻር ሲታይ ረጋ ብሎ ነው የሚኖረው፤ በአጠገቡ የሚያልፈው ብርሃንም እንደየትኛውም ቦታ ይቀድመዋል። ከዚያ ሆኖ የሚመለከት ቢኖር ከብርሃን ፈጥነን የምንርቀው እኛ ነን፤ እኛ ግን ስንፈጥን አይሰማንም።

ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «የሚሰፋው ህዋው ራሱ ነው፣ ጋላክሲዎቹ አይንቀሳቀሱም» የሚል ነው። አባባሉ ስህተት ባይሆንም፣ እኔ በግሌ ጥያቄውን ከመመለስ ይልቅ እንደሚሸፍነው አስባለሁ፤ ህዋ እንደ ወንዝ የሚፈስስ ቁስ እንደሆነ አስመስሎ ያልፋልና። ጠለቅ ያለው ምክንያት ከአጠቃላይ አንጻራዊነት የሚገኝ ነው። በዚህ ንድፈ ሐሳብ ፍጥነት አቅጣጫ ያለው ቀስት ነው፤ ሁለት የተራራቁ አካላትን ፍጥነት ለማነጻጸርም አንዱን ቀስት ተሸክሞ ወደ ሌላው ማምጣት ያሻል። ጠፍጣፋ ሜዳ ላይ ይህ ቀላል ነው። በክብ ምድር ላይ ግን እንዲህ አይደለም፦ በምድር ወገብ ላይ ወደ ሰሜን የሚያመለክት ቀስት ይዘን፣ አቅጣጫውን ሳናዛባ በቀጥታ ወደ ሰሜን ዋልታ እንሂድ። ከዚያ ሌላ ተመሳሳይ ቀስት ይዘን በመጀመሪያ በምድር ወገብ ላይ የዙሪያውን ሩብ ያህል ወደ ምሥራቅ ተጉዘን፣ ቀጥሎ ወደ ዋልታው እንውጣ። ሁለቱም ቀስቶች ሲነሡ አንድ ዓይነት ነበሩ፤ መንገድ ላይም አልተነኩም፤ ዋልታው ላይ ሲገናኙ ግን በመካከላቸው የ90 ዲግሪ ልዩነት ይገኛል። የትኛው ነው ትክክለኛው? ሁለቱም፤ ወይም አንዳቸውም አይደሉም። ህዋና ጊዜ በተጣመሙበት ጽንፈ ዓለምም የአንድ ሩቅ ጋላክሲ ፍጥነት «ከእኛ አንጻር ስንት ነው?» ለሚለው ጥያቄ፣ በተመረጠው መንገድ ላይ ያልተመሠረተ አንድ ወጥ መልስ የለም። የፍጥነት ገደቡ በአንድ ሥፍራ ላሉ አካላት ብቻ የተደነገገውም ለዚህ ነው፤ ለተራራቁ አካላት ቢደነገግ ኖሮ ምን እንደሚገድብ እንኳ በውል አይታወቅም ነበር። ሥነ ፈለክ «የመራቅ ፍጥነት» የሚለው ስም የሰጠው ለሌላ መጠን፣ ማለትም በመካከላችን ያለው ርቀት በየሰከንዱ ለሚያሳየው ዕድገት ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ከፊተኛው የከበደ ነው። አንድ ጋላክሲ ከብርሃን ፈጥኖ እየራቀ ከሆነ፣ ብርሃኑ እንዴት ሊደርሰን ይችላል? ወደ እኛ የሚሮጥ ብርሃን፣ ከሩጫው የበለጠ ርቀት በየሰከንዱ ከፊቱ እየተጨመረበት እንዴት ይደርሳል? እዚህ ላይ ቃል ብቻ አይበቃም፤ ቁጥር ያስፈልጋል።

10 ሜትር ርዝመት ያለው ላስቲክ እናስብ። አንደኛውን ጫፍ እኛ ይዘነዋል፤ ሌላኛው ጫፍ በሰከንድ 2 ሜትር እየተጎተተ ይርቃል፤ ላስቲኩም በመላ ርዝመቱ እኩል ይለጠጣል። በሩቁ ጫፍ ላይ አንዲት ጉንዳን ተነሥታ ወደ እኛ መጓዝ ትጀምራለች። ከእግሯ ሥር ባለው ላስቲክ ላይ የምትሄደው በሰከንድ 1 ሜትር ነው፤ ከዚያ በላይ አትችልም። (ጉንዳን ይህን ያህል እንደማትሮጥ አውቃለሁ፤ ለስሌቱ ቅለት ይፈቀድልኝ።) ጫፉ ከእርሷ በእጥፍ ፈጥኖ ስለሚርቅ፣ ገና በመጀመሪያው ሰከንድ ወደ እኛ እየተራመደች ከእኛ ትርቃለች። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ተስፋ የላትም ነበር። ነገር ግን የላስቲኩ ክፍሎች ሁሉ እኩል አይርቁም፤ ጫፉ በሰከንድ 2 ሜትር ሲርቅ አጋማሹ የሚርቀው በ1 ሜትር፣ ሩቡ በግማሽ ሜትር ነው። ጉንዳኗ በእያንዳንዱ እርምጃ ወደ ኋላ የሚወስዳትን ክፍል ትታ ቀስ ብሎ ወደሚርቀው ክፍል ትሻገራለች። ስሌቱን የሠራ ሰው ከ8.6 ሰከንድ በኋላ ከእኛ 13.6 ሜትር ርቃ፣ ላስቲኩ ደግሞ 27.2 ሜትር ረዝሞ ያገኛታል። አጋማሹ ላይ ደርሳለች ማለት ነው። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ በእርግጥ ወደ እኛ መቅረብ ትጀምራለች፤ በ32ኛው ሰከንድ ገደማም እጃችን ላይ ትደርሳለች።

በዚህ ጉዞ ውስጥ ሦስት ርቀቶች አሉ። ጉንዳኗ ስትነሣ ከእኛ 10 ሜትር ነበረች። በእግሯ የተጓዘችው 32 ሜትር ገደማ ነው። የተነሣችበት የላስቲክ ጫፍ ደግሞ፣ እርሷ በደረሰችበት ሰዓት 74 ሜትር ገደማ ርቋል። ሦስቱም እውነት ናቸው፤ አንዱን በሌላው ቦታ የተጠቀመ ግን ጉንዳኗ በ32 ሰከንድ 74 ሜትር ሮጣ ሕጓን አፍርሳለች ብሎ ሊከሳት ይችላል። በመግቢያችን ላይ የነበረው የ13.8 እና የ46 ቢሊዮን ግጭት ከዚህ ክስ አይለይም።

በእውነተኛው ሰማይ ላይ የዚህ ምሳሌ ምርጥ አቻ አርኖ ፔንዚያስና ሮበርት ዊልሰን ያገኙት፣ ግኝቱም እ.ኤ.አ. በ1965 ይፋ የሆነው ጥንታዊ የማይክሮዌቭ ጨረር ነው። ይህ ብርሃን የተለቀቀው ጽንፈ ዓለም 380,000 ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው። ዛሬ የሚደርሰን ብርሃን የተነሣበት ቁስ በዚያን ጊዜ ከእኛ ሥፍራ የሚርቀው 42 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ብቻ ነበር፤ ይህም በዛሬ መለኪያ ለጎረቤት ጋላክሲዎች የሚሆን ርቀት ነው። መስፋፋቱ በዚያ ዘመን እጅግ ፈጣን ስለነበረ ብርሃኑ ወደ እኛ እየሮጠ ለብዙ ጊዜ ከእኛ ራቀ፤ 6 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ከደረሰ በኋላ መቅረብ ጀመረ፤ ጉዞው በጠቅላላ 13.8 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ፈጀበት። የተነሣበት ቁስ በበኩሉ ተሰባስቦ ከዋክብትና ጋላክሲዎች ከሆነ ብዙ ዘመን አልፏል፤ አሁን ያለበት ርቀትም 46 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ነው።

ከዚህ የሚከተል አንድ ያልተለመደ ነገር አለ፤ ከጉዳያችን ትንሽ ወጣ ቢልም አልፌው መሄድ አልፈልግም። አንድ አካል በሰማይ ላይ የሚይዘው ስፋት የሚወሰነው ብርሃኑ ሲነሣ በነበረበት ርቀት እንጂ ዛሬ ባለበት ርቀት አይደለም። እጅግ ጥንታዊ የሆነው ብርሃን ደግሞ የተነሣው በዚያን ዘመን ቅርብ ከነበሩ ሥፍራዎች ነው። በመሆኑም እኩል ስፋት ያላቸው ጋላክሲዎች እስከ አንድ ርቀት ድረስ በራቁ መጠን እያነሱ ይታያሉ፤ ከዚያ ወዲያ ያሉት ግን በራቁ ቁጥር ተመልሰው እየሰፉ ይታያሉ።

ብርሃኑ በመንገድ ላይ ሳይለወጥ አይደርስም። ርቀቶች ባደጉበት መጠን ሞገዱም ይዘረጋል፤ ሳይንሱ ሬድሺፍት የሚለው ይህንን ነው። ጥንታዊው ጨረር ሲነሣ 3,000 ኬልቪን ገደማ ሙቀት ነበረው፤ ከ1,000 እጥፍ በላይ ተዘርግቶ ዛሬ 2.7 ኬልቪን ሆኗል። ጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ ካገኛቸው ጋላክሲዎች አንዱ፣ ጄድስ-ጂኤስ-ዜድ14-0 የተባለው፣ ብርሃኑ 15 እጥፍ ገደማ ተዘርግቶ ነው የደረሰን። የተለቀቀው ጽንፈ ዓለም 300 ሚሊዮን ዓመት ሳይሞላው ነው፤ ጋላክሲው ዛሬ የሚገኘውም 34 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ርቆ ነው። ርቀቱ ለሀብል ርቀት ሲካፈል የመራቅ ፍጥነቱ ከብርሃን ከሁለት እጥፍ በላይ ሆኖ ይገኛል፤ ምስሉ ግን በእጃችን አለ።

መስፋፋቱ ሁሉንም ነገር ይለጥጣል ብሎ ማሰብም አይገባም። የ7 በመቶው ዕድገት በፀሐይና በምድር መካከል ቢሠራ ኖሮ ርቀቱ በየዓመቱ 10 ሜትር ገደማ በጨመረ ነበር፤ ነገር ግን አይጨምርም። በስበት የታሰሩ ሥርዓቶች፣ ማለትም የፀሐይ ሥርዓት፣ ጋላክሲዎች፣ የጋላክሲ ክምችቶችም ጭምር፣ ከመስፋፋቱ የወጡ ናቸው። ጎረቤታችን አንድሮሜዳ እንዲያውም ወደ እኛ እየቀረበ ነው፤ ስላይፈር እ.ኤ.አ. በ1912 የመጀመሪያውን ልኬት የወሰደውም ከእርሱ ነበር። ዕድገቱ የሚታየው ስበት አንዱን ከሌላው ሊይዝ በማይችልባቸው ሰፋፊ ርቀቶች ላይ ብቻ ነው።

የጉንዳኗ ምሳሌ አንድ ጉድለት አለበት። የላስቲኩ ጫፍ ፍጥነት አይለወጥም፤ በዚህ ሁኔታ የቱንም ያህል ብትዘገይ መድረሷ አይቀርም። ጽንፈ ዓለም ግን እንዲህ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1998 ሁለት የተመራማሪ ቡድኖች ከሩቅ ሱፐርኖቫዎች ብርሃን እንደተረዱት፣ ጋላክሲዎች እርስ በርስ የሚራራቁበት ፍጥነት እየጨመረ ነው፤ ሳውል ፐርልሙተር፣ ብራያን ሽሚትና አዳም ሪስ ለዚሁ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2011 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ምክንያቱ ዳርክ ኢነርጂ የሚል ስም ተሰጥቶታል። ላስቲኩ እየተፋጠነ ሲለጠጥ፣ አንዳንዶቹ ጉንዳኖች አጋማሹ ላይ ከመድረሳቸው በፊት አጋማሹ ራሱ ያመልጣቸዋል፤ እነዚህ ለዘለዓለም አይደርሱም።

በዚህ ምክንያት ከ16 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ወዲያ ያለ ጋላክሲ ዛሬ የሚለቀው ብርሃን መቼም አይደርሰንም። ይህ ወሰን ከ14 ቢሊዮኑ የሀብል ርቀት የተለየ መሆኑን ልብ ይሏል፤ በሁለቱ መካከል ያሉ ጋላክሲዎች ዛሬ ከብርሃን ፈጥነው እየራቁ ቢሆንም የዛሬ ብርሃናቸው ከረጅም ጊዜ በኋላ ይደርሳል። ከ16 ቢሊዮኑ ወዲያ ያሉትም ቢሆኑ በአንድ ቀን ከሰማይ አይጠፉም፤ ከዚህ ቀደም የላኩት ብርሃን ገና በመንገድ ላይ ነው። 34 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት ርቆ የሚገኘውን ያንን ጋላክሲ ወደፊት የሚመለከት ሰው ከሕፃንነቱ ወደ ጉልምስናው ሲሄድ ያየዋል፤ ይሁን እንጂ በምስሉ ላይ የሚታየው ጊዜ እየዘገመ፣ ብርሃኑም እየቀላና እየደበዘዘ ይሄዳል፤ የጋላክሲው ዕድሜም ጥቂት ቢሊዮን ዓመት ላይ ሲደርስ ከዚያ በላይ አይጨምርም። በራሱ ሥፍራ ግን ዕድሜው ይቀጥላል፤ ዛሬ 13 ቢሊዮን ዓመት አልፎታል።